የሚወድቅ ሁሉ በአንድ ሕመም አይወድቅም

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከደብረ ታቦር በወረደ ጊዜ አንድ አባት የታመመ ልጁን ይዞ ወደ እርሱ እንደ ቀረበ ሦስቱ ወንጌላውያን ጽፈውልናል። ልጁ በድንገት ይወድቃል፥ አፉ አረፋ ይሞላል፥ ሰውነቱ ይደርቃል፤ አንዳንድ ጊዜም እሳት ወይም ውኃ ውስጥ ይገባል። ይህን ታሪክ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ዳሩ ግን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ብቻ የሚገኝ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይታለፋል። ይኸውም ጌታችን ልጁን ከመፈወሱ አስቀድሞ አባትየውን መጠየቁ ነው። ይህ መከራ ከያዘው ምን ያህል ዘመን እንደ ሆነው ጠየቀው፤ አባትየውም ከሕፃንነቱ ጀምሮ መሆኑን ተናገረ። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ የጠየቀው ሳያውቅ ቀርቶ እንዳይደለ የታወቀ ነው። ሊቃውንት በየቦታው እንደሚያስተምሩን የጌታችን ጥያቄ ለሚሰሙት ትምህርት ነው። ሰው በፊታችን ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ባየን ጊዜ እኛ የማናውቀው ሳንጠይቅ የምንፈርድ ከሆነ ከዚህ ቃል ምን ተማርን እንላለን?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት የገጠር ከተማ ደብር በዕለተ እሑድ በቅዳሴ ላይ ሳለን በሴቶች መቆሚያ በኩል ጩኸት ተሰማ። ሦስት ዓመት በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፥ ዕድሜዋ ከሃያ የማይበልጥ ልጅ ወድቃ ትንቀጠቀጥ ነበር። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫዋ አቀረበ። ሁለተኛው እጅና እግሯን ይዞ ከመሬት ጋር አጣበቃት። ሦስተኛዋ ሴት በጠርሙስ የያዘችውን ጠበል በአፏ ልታፈስስ ታገለች። ከሕዝቡም አንዳንዱ «ክፉ መንፈስ ነው» አለ፤ ሌላው «የሚጥል በሽታ ነውና እንዳይጋባባችሁ አትንኳት» አለ። እኛ ግን ዐይኖቿን አጥብቃ እንደ ጨፈነች፥ እንባዋም በጉንጯ ላይ እንደ ወረደ፥ መንቀጥቀጧም ቆም እያለ እንደገና እንደሚነሣ ተመልክተን፥ አጠገባችን ለቆመው ወንድም «ይህስ ማስመሰል ነው» አልነው። እናቷ ከኋላችን ቆማ ነበርና ሰማችን። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ነገሩን ከሐኪሞችና ከሐኪሞች መጻሕፍት መጠየቅ የጀመርነው።

በዚያ ቀን ከተሰጡት ከሦስቱ ፍርዶች አንዱም ትክክል አልነበረም። ልጅቱ የሚጥል በሽታ የለባትም፤ አላስመሰለችምም። ስለ ክፉ መንፈስም ቢሆን፥ የመረመራትና መንፈሳዊ ሥልጣን ያለው አባት ሳይኖር ከሕዝብ መካከል በአንድ ጩኸት የሚፈረድ ነገር አይደለም። ሐኪሞች ዛሬ በሚገባ የሚያውቁት፥ በእኛ ዘንድ ግን ስም እንኳ ያልወጣለት ሌላ ዐይነት መውደቅ አለ፤ እርሱም ከልብ መከራ የሚነሣው መውደቅ ነው። ልብ ስንል ደም የሚረጨውን ሥጋዊ ልብ ማለታችን አይደለም፤ እንደ መጻሕፍት አነጋገር የሐሳብና የኀዘን፥ የፍርሃትና የትዝታ ማደሪያ የሆነውን ማለታችን ነው።

አስቀድመን ግን ስለ ወንጌሉ ቃል ጥቂት እንናገር፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ካህን ልቡ በዚህ እንዳይሰናከል። በወንጌል የተጠቀሰውን ልጅ ያሠቃየው ክፉ መንፈስ እንደ ነበረ ቅዱስ መጽሐፍ ይነግረናል፤ እኛም እናምናለን። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ የሚወድቅ ሁሉ አጋንንት ያደሩበት ነው ማለት መጽሐፉ ያልተናገረውን መጨመር ነው። ቅዱስ ማቴዎስ በምዕራፍ 4 ቁጥር 24 ወደ ጌታችን የቀረቡትን ድውያን ሲዘረዝር አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፥ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ፥ ሽባዎቹንም ለብቻ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። በጨረቃ የሚነሣ ማለት በዚያ ዘመን አነጋገር የሚጥል በሽታ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። እንግዲህ ወንጌላዊው ራሱ ለይቶ የቈጠረውን እኛ ስለ ምን እናደባልቀዋለን? ደግሞም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ኀጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን የእርሱም የወላጆቹም አይደለም ብሎ እንደ መለሰላቸው ማስታወስ ይገባል። የታመመ ሰው ባለበት ቤት ሁሉ የማን ኀጢአት እንደ ሆነ የሚፈልጉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ደጋግመው ቢያነቡት መልካም ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። የሰው አንጎል ሥራውን የሚሠራው እጅግ ብዙ የሆኑ ጥቃቅን ሕዋሳት በመጠን በሆነ የኤሌክትሪክ ኀይል እየተላላኩ ነው። ይህ መላላክ ሥርዐቱን አጥቶ ብዙዎቹ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ያለ ልክ ሲነሡ ሰውየው ይወድቃል፤ ወይም የነገሩ ቦታ በአንጎሉ አንድ ክፍል ብቻ ሲሆን እጁ ብቻ ይንቀጠቀጣል፥ ወይም ለጥቂት ጊዜ ፈዝዞ ከንፈሩን ያላምጣል። በትምህርት ቤት ሳለ ለዐሥር ሴኮንድ ያህል ዐይኑ ፈጥጦ የሚቀርና መምህሩ «አታዳምጥም» ብሎ የሚቀጣው ሕፃንም አንዳንድ ጊዜ ይኸው ሕመም ያለበት ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፥ በራስ ላይ የደረሰ አደጋ፥ የማጅራት ገትር፥ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፥ በአንጎል ውስጥ ያለ የደም መፍሰስ ወይም ዕብጠት፥ በዘር የሚወረስም አለ፤ በብዙዎች ዘንድ ግን ምክንያቱ አይገኝም። በልሃጭ፥ በመንካት ወይም አብሮ በመብላት አይጋባም። ሰው እንዳይጋባበት ፈርቶ ከምድጃ እሳት ሳያወጣው ቀርቶ የተቃጠለ ስንት አለ!

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ አለባቸው፤ ከመቶው 80 የሚያህሉት የሚኖሩትም ድኾችና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በአገራችን በቡታጅራ ዙሪያ በገጠር የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከሺህ ሰው መካከል አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህን ቍጥር አንድ አጥቢያ ካህን በራሱ ደብር ላይ ቢያስበው፥ ሁለት ሺህ ነፍስ ባለበት አጥቢያ ዐሥር ያህል በሽተኞች አሉ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ድርጅት በትክክል ተመርምረው መድኃኒት ቢያገኙ ከመቶው 70 የሚያህሉት ሳይወድቁ ሊኖሩ እንደሚችሉ ይናገራል። ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒት ለዚህ በሽታ እንደሚጠቅም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ዋጋውም ከብዙዎቹ ያነሰ ነው። መድኃኒቱ ግን ማታ ማታ ሳይቋረጥ የሚወሰድ እንጂ ሲጥል ብቻ የሚፈለግ አይደለም።

ከልብ መከራ የሚነሣው መውደቅ ግን ሌላ ነው። በዚህኛው በአንጎል ውስጥ ያ የኤሌክትሪክ ማዕበል አይታይም። ይልቁንም ሰውየው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ የሆነ ፍርሃት፥ ኀዘን፥ ውርደት ወይም ትዝታ በደረሰበት ጊዜ ኅሊናው ከሰውነቱ ለጥቂት ጊዜ ይለያያል፤ ሰውነቱም ያለ አዛዥ ይንቀጠቀጣል። ይህን ስንሰማ እንግዳ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን በቤታችን የምናየው ነው። መርዶ በሚነገርበት ቤት ጠንካራይቱ እናት ቃሉን ሰምታ ሳትጨርስ ጉልበቷ ሲከዳት አላየንምን? እርስዋን «ሆን ብለሽ ወደቅሽ» የሚላት ማን ነው? ንጉሡ ብልጣሶር በግድግዳው ላይ የሚጽፈውን እጅ ባየ ጊዜ ጉልበቶቹ እርስ በርሳቸው እንደ ተማቱ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 ተጽፏል። የፊንሐስ ሚስትም ታቦተ ጽዮን መማረኳን፥ አማትዋና ባሏም መሞታቸውን በሰማች ጊዜ ምጧ በድንገት እንደ መጣባት በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 እናነባለን። ብልጣሶር ጉልበቱን አላዘዘም፤ ያች ሴትም ምጧን አልጠራችም። በእነዚህ ላይ ነገሩ ወዲያው ምክንያቱን ተከትሎ መጣ። በልብ መከራ መውደቅ ግን መከራው የደረሰው ከብዙ ዓመታት በፊት ሊሆን ይችላል፤ የሚጥለውም አንድ ድምፅ፥ አንድ ሽታ፥ ወይም ሰውየው ራሱ የማያስተውለው ነገር ነው። በሳቅና በጨዋታ መካከል እንኳ ይመጣል። ስለዚህ «ምንም ሳይሆን ወደቀ» መባሉ ነገሩን ሐሰት አያደርገውም።

ሁለቱን ሕመሞች ለመለየት ብዙ ዘመን ፈጅቷል። በሂፖክራቲስ ስም ከሚታወቁት የጥንት ግሪክ መጻሕፍት አንዱ፥ ከ2,400 ዓመታት ገደማ በፊት የተጻፈው፥ ሕዝቡ «ቅዱስ ሕመም» ይለው የነበረው የሚጥል በሽታ ከአንጎል የሚመጣ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ከልብ መከራ የሚነሣውን ግን ግሪኮቹ የሴቶች ማሕፀን ሕመም ነው ብለው አሰቡ፤ «ሂስቴሪያ» የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። ይህ ስሕተት ረዥም ዕድሜ ነበረው። በፓሪስ ሳልፔትሪየር በተባለው ታላቅ ሐኪም ቤት እስከ 1893 እ.ኤ.አ. የኖረው ሻርኮ የሁለቱን ዐይነት በሽተኞች በአንድነት ይመለከት ነበር፤ ሕመሙንም ከሁለቱ በተገጠመ ስም ይጠራው ነበር። ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጦርነት ወጣት ወታደሮች በመድፍ ድምፅ መካከል ቆይተው ሲንቀጠቀጡና ሲወድቁ በታየ ጊዜ የማሕፀኑ ነገር ፈጽሞ ከንቱ መሆኑ ታወቀ። ዛሬም ቢሆን ከሚያዙት መካከል ሴቶች ይበዛሉ እንጂ ወንዶችም፥ ልጆችም፥ ሽማግሎችም ይገኙባቸዋል።

ነገሩን በርግጥ ለመለየት ያስቻለው ግን ሐንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ በራስ ቆዳ ላይ አስሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝግቦ ማየቱ ነው። ዛሬ በታላላቅ ሐኪም ቤቶች በሽተኛው ለብዙ ሰዓት ወይም ለቀናት ተኝቶ የአንጎሉ ኤሌክትሪክ እየተመዘገበ በአንድነትም በፊልም ይነሣል። በሚወድቅበት ሰዓት ማዕበሉ ከታየ የሚጥል በሽታ ነው፤ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ የአንጎሉ ጽሕፈት ግን የነቃ ሰው ጽሕፈት ከሆነ ሌላኛው ነው። በመካከል፥ ባልወደቀበት ቀን የሚደረገው አጭር ምርመራ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውም በዚያ ቀን ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

ይህ ዐይነቱ ምርመራ በየወረዳው የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚፈልገው ያየውን የሚናገር ሰው ነው፤ በዚህም ካህኑና ዘመዱ ታላቅ ርዳታ ሊሆኑ ይችላሉ። ዛሬ በእጅ ስልክ ፊልም ማንሣት የማይችል ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። ሰውየው ሲወድቅ አንድ ሰው እየረዳው ሌላው ቢያነሣውና ለሐኪም ብቻ ቢያሳየው ከብዙ ቃል ይልቅ ይጠቅማል። ለሐኪም ብቻ ማለታችንን ልብ በሉ፤ የወደቀን ሰው ፊልም ለሰው ሁሉ የሚበትኑ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር እጅግ የሚያሳፍር ነው።

ምን ይታይ? በታላቁ የሚጥል በሽታ ሰውነቱ በአንድ ጊዜ ይደርቃል፤ ብዙ ጊዜም ከደረቱ ተገፍቶ የሚወጣ አንድ ጩኸት ይሰማል፤ ፊቱ ይጠቍራል፤ ከዚያም እጅና እግሩ በአንድነት በልክ ይመታሉ፤ ምቱም እየራቀ እየራቀ ሄዶ ይቆማል። ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ አያልፍም። ዐይኑ ክፍት ነው። ምላሱን በጎን በኩል ይነክሳል። ሲቆምም እንደ ማንኮራፋት ያለ ከባድ ትንፋሽ ይተነፍሳል፥ ይተኛል፥ ሲነቃም የት እንዳለ አያውቅም። በልብ መከራ መውደቅ ግን ዐይኖቹ ብዙውን ጊዜ የተጨፈኑ ናቸው፤ ሊከፍቷቸው ቢሞክሩም ይከላከላሉ። ራስ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይወዛወዛል፤ እጅና እግር በየራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ መንቀጥቀጡ ቆሞ እንደገና ይነሣል፤ ለረዥም ጊዜም፥ ዐሥርም ሃያም ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። መካከል ላይ ማልቀስ አለ። አንዳንዱም መናገር ሳይችል የሚነገረውን ሁሉ እንደ ሰማ በኋላ ይናገራል። ስለ ዐይን የተናገርነው ተመዝግቦ የተረጋገጠ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከልብ መከራ ከሚወድቁት 52 ሰዎች 50ው ዐይናቸውን ጨፍነው፥ የሚጥል በሽታ ካለባቸው 156 ሰዎች ግን 152ቱ ዐይናቸውን ገልጠው ታይተዋል።

እዚህ ላይ አንባቢን አጥብቀን እንለምናለን። ይህን የጻፍነው ካህኑ ወይም ምእመኑ በቅጽሩ ውስጥ ቆሞ ሐኪም እንዲሆን አይደለም። አንድ ምልክት ብቻውን አይፈርድም። መጎዳትና ሽንት ማምለጥ በሁለቱም ይገኛሉ። ከአንጎል የፊት ክፍል የሚነሣ እውነተኛ የሚጥል በሽታ እንግዳ እንቅስቃሴ ስለሚያሳይ ሐኪሞችን እንኳ ያሳስታል። ከልብ ምት መዛባት የሚመጣ ራስን መሳትም ለጥቂት ሴኮንድ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ እርሱን ቸል ማለት ለሞት ያደርሳል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግረው ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ መገኘታቸው ነው፤ ከልብ መከራ ከሚወድቁት ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል የሚጥል በሽታም እንዳለበት የብዙ ጥናቶች ድምር ያሳያል። ስለዚህ ማንም ቢሆን «የአንተስ የልብ መከራ ነው» ብሎ የሰውን መድኃኒት ሊያስጥል አይገባውም።

መድኃኒት ስለ ማስጣል ከተነሣ ዘንድ ልንሸፍነው የማይገባን አንድ ነገር እንናገራለን። የምናውቀው አንድ ወጣት ዲያቆን ነበረ፤ ድምፁ መልካም፥ ለትምህርት የተጋ። የሚጥል በሽታ ስላለበት ከሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት እየወሰደ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይወድቅ ኖረ። ከዚያም ፈጽሞ ለመዳን ተመኝቶ ወደ አንድ የጠበል ቦታ ለሁለት ሱባኤ ሄደ። በዚያም ካህን ያልሆነ፥ አገልጋይ ነኝ የሚል አንድ ሰው ጠበልና መድኃኒት አይስማሙም ብሎ ኪኒኑን አስጣለው። በአምስተኛው ቀን ጣለው፤ ሳይነቃም ደግሞ ጣለው፤ እንዲሁ እየተከታተለ እስከ ሌሊት ቈየ። ሰዎቹም መንፈሱ እየወጣ ነው ብለው ጠበቁ። በማግሥቱ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዱት በመንገድ ላይ ዐረፈ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ይህን የመሰለ ተከታታይ መጣል እንደሚያመጣ ማንኛውም ሐኪም ያውቃል። ጠበሉ አልገደለውም። የገደለው ከቤተ ክርስቲያን ያልተሰጠ ትምህርት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን አታስተምርምና። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ፥ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብሎ ያስተምራል። ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ቅዱስ ባስልዮስም በቂሣርያ የድውያን ቤት ሠርቶ ሐኪሞችን አኑሮበታል። በእኛም ዘመን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለ ኤድስ መድኃኒት ክርክር በተነሣ ጊዜ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚገባ በይፋ ተናግረዋል። ስለ አንዱ መድኃኒት የተነገረው ለሌላው እንደማይሆን የሚያስብ ካለ ምክንያቱን ይንገረን። ጾምን በተመለከተም በሽተኛው መድኃኒቱን ከመተው አስቀድሞ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ የንስሐ አባትም ሐኪሙን ያማክር። ሌሊቱን ሁሉ ሳይተኙ መቆም የሚጥል በሽታን እንደሚያነሣሣ ስለሚታወቅ፥ ይህ ሕመም ያለበትን መዘምር ማሕሌት ሲያድር መቆጣጠር፥ ቀን እንዲያገለግል ማድረግ የአለቃው ፈንታ ነው።

ወደ ልብ መከራ መውደቅ እንመለስ። ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የሚደርስባቸው ሌላ ዐይነት ጉዳት ነው። በስሕተት የሚጥል በሽታ ነው ተብለው የማይጠቅማቸውን መድኃኒት ለብዙ ዘመን ይውጣሉ፤ ከጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት ትክክለኛው ነገር እስኪታወቅ በአማካይ ከሰባት ዓመት በላይ እንደሚያልፍ አሳይቷል። መንቀጥቀጡ ረዥም ስለ ሆነ በሐኪም ቤት ከልክ በላይ የሚያስተኛ መርፌ ተወግተው ትንፋሻቸው የሚደክምም አሉ። በመጨረሻም የአንጎል ምርመራው ንጹሕ ሲሆን «ምንም የለብሽም» ተብለው ይሰናበታሉ። ይህ ቃል ክፉ ቃል ነው። እግሩ የተሰበረውን ሰው ሆዱን መርምሮ ደኅና ነህ እንደ ማለት ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው ነገሩን በስሙ ጠርቶ በማስረዳት ነው። በሽተኛው እንዳልቀጠፈ፥ እንዳላበደ፥ የታወቀ ሕመም እንዳለበት ሲነገረው ከዚያ ቀን ጀምሮ መውደቁ የሚቀንስለት አለ። ቀጥሎም በዚህ ሥራ የተማረ ባለሙያ በየጊዜው እያነጋገረ፥ መውደቁ ከመምጣቱ በፊት የሚሰማውን ምልክት እንዲያውቅ፥ እግሩን በመሬት ላይ እንዲያጸናና ትንፋሹን እንዲያረጋ፥ የፈራውንም ነገር ቀስ በቀስ እንዲጋፈጥ ያስተምረዋል። የዚህን ሕክምና ዋጋ አናግንን። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመውና በእንግሊዝ አገር 368 በሽተኞች በተካፈሉበት ታላቅ ጥናት፥ ይህ የንግግር ሕክምና የተጨመረላቸው ሰዎች ከዓመት በኋላ የመውደቃቸው ቍጥር ከሌሎቹ በርግጥ ያነሰ ሆኖ አልተገኘም፤ ነገር ግን ሳይወድቁ የቈዩበት ጊዜ ረዝሟል፥ ኑሯቸውና ሥራቸውም ተሻሽሏል። ሳይወድቁ ለመኖር ጊዜ ይወስዳል።

የንስሐ አባቶች በዚህ ነገር ያላቸው ድርሻ ትልቅ ነው፤ አደጋም አለበት። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በልጅነታቸው ወይም በኋላ ግፍ፥ ድብደባ፥ መደፈር ደርሶባቸዋል፤ ለማንም ያልተናገሩትንም ለካህን ይናገራሉ። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። ስለዚህ ካህኑ የሌለ ምሥጢር ለማውጣት አይጫን፥ ቤተ ሰቡንም አይጠርጥር። ተነግሮት እንደ ሆነ ግን «ይቅር በይው» ብሎ ግፍ ወደ ፈጸመባት ሰው ቤት አይመልሳት። የኑዛዜ ምሥጢር የተጠበቀ ነው፤ ነገር ግን እርስዋ ፈቅዳ ወደምታምነው ዘመድ፥ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሕግ ሰው አብሯት ቢሄድ ምሥጢር አውጥቷል የሚለው የለም። ይህን ለማድረግ ድፍረት የሚጎድለን ለምን እንደ ሆነ ራሳችንን ብንመረምር መልካም ነው።

ሰው በፊታችን ሲወድቅ ስለሚደረገው ነገር ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ለሁለቱም ሕመም አንድ ነውና። ሰዓት ተመልከቱ። ድንጋይና እሳት ከአጠገቡ አርቁ፥ ከራሱ በታች ነጠላ አጣጥፋችሁ አድርጉ። ሲረጋም በጎኑ አስተኙት። በአፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ እንጨት፥ መስቀልም ቢሆን አታግቡ፤ ጠበልም አታፍስሱ፤ ራሱን የሳተ ሰው የፈሰሰለት ውኃ ወደ ሳምባው ይወርዳልና። ጠበሉ ሲነቃ ይደርሳል። ክብሪት አትጫሩ፤ ጢሱ አይጠቅምም፥ ያቃጥላል። እጅና እግሩን አጥብቃችሁ አትያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ፥ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፥ ወይም እርጉዝ ከሆነች፥ ወይም መጀመሪያው ከሆነ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የአጠገቡን ሰው ግን በትኑ፤ በልብ መከራ ለሚወድቅ ሰው የሚመለከት ሕዝብ ብዛት መንቀጥቀጡን ያበረታዋል። በመቅደስም ሆነ በጠበል ቦታ አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ተከትሎ ሲወድቅ የምናየው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይህንም ስንል ማንም አስመሰለ ማለታችን አይደለም።

ያች ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሄዳ በነርቭ ሐኪም ተመረመረች። እናቷ በእጅ ስልክ ያነሣችውን ፊልም ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እንዳየው ነገረችን። የሚጥል በሽታ እንዳልሆነ፥ በዐረብ አገር ሳለች በአሠሪዋ ቤት ተዘግቶባት ከደረሰባት ነገር ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ቀስ በቀስ ታወቀ። ያለ ምክንያት ይሰጧት የነበረውን መድኃኒት ሐኪሙ ራሱ በየሳምንቱ እየቀነሰ አስተዋት። የንስሐ አባቷ በየወሩ ወደ ባለሙያዋ ሲያደርሷት የመኪናውን ዋጋ ከደብሩ የምጽዋት ሣጥን እንዲከፈል ከሰበካ ጉባኤው ጋር ተነጋግረው አስፈቀዱ። እኛም ወደ እናቷ ቤት ሄደን በዚያ እሑድ ስለ ተናገርነው ቃል ይቅርታ ጠየቅን፤ እርስዋም ቡና አፈላችልን፥ ስለ ቃሉ ግን ምንም አልመለሰችልንም። ልጅቱ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ትወድቃለች። በፊት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነበር፤ ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ጊዜ ብቻ ወደቀች። እናቷ ከአጠገቧ ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች፥ ስሟን ዝግ ባለ ድምፅ ትጠራለች፤ ስትነቃም ውኃ ሰጥታት ወደ ቅዳሴው አብረው ይመለሳሉ።